ክሩገራንዷን በሎሚ አጠብኳት

አባቴ ፒያሳ ወርቅ ሠሪ ነበር። ልጅ ሆኜ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሱቁ ውስጥ በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ። እሱ የመጣለትን ቀለበት ጥቁር ድንጋይ ላይ አሸት ያደርግና አሲድ ጠብ ያደርግበታል። ቀለሙን አይቶ «18 ነው» ወይም «21 ነው» ይላል። ከዚያ ሚዛን፣ ከዚያ ዋጋ። ለአባቴ ወርቅ ማለት ካራትና ግራም ነው። ቅርፁ ካላማረ ይቀልጣል፣ ሌላ ነገር ይሆናል።

አሁን የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። የወርቅ ሳንቲም መሰብሰብ ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ከአባቴ ሱቅ ይዤው የመጣሁት ዕውቀት ግማሹ ጠቀመኝ፣ ግማሹ ደግሞ ጎዳኝ። ለመጀመር ላሰበ ሰው ሁለቱን ለይቼ ማሳየት ስለምፈልግ ነው ይህን የምጽፈው።

የማወራው ስለ ጥንት ሳንቲም አይደለም። ሰው ወርቅ በእጁ እንዲይዝ ተብለው ከ1967 ወዲህ ስለተመቱት ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች፣ ዓ.ም. ካላልኩ በስተቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) መንገዱን የከፈተችው የደቡብ አፍሪካዋ ክሩገራንድ ናት። በ1979 የካናዳዋ ሜፕል ሊፍ መጣች። ከዚያ በ1982 የቻይናዋ ፓንዳ፣ በ1986 የአሜሪካዋ ኢግል፣ በ1987 የእንግሊዟ ብሪታኒያ ተከተሉ። አብዛኞቹ በብዛት ነው የሚመቱት። ታዲያ ብርቅ ከየት ይመጣል? ከዓመቱ፣ ከመጠኑ፣ ዓይን ካላስተዋለው ከሚያልፈው ትንሽ ልዩነት። አንዱ ዓመት በሚሊዮን ይመታል፣ ሌላው ዓመት በሃያ ሺህ። ሁለቱ ግን አንድ ትሪ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። የዚህ ነገር ጣዕሙ እዚህ ላይ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ዋጋ። አንዲት ሳንቲም ሁለት ዋጋ አላት፤ የወርቋና የብርቅነቷ። ሒሳቡ እንዲቀለን ወርቅ በአውንስ 2,000 ዶላር ነው እንበል። ሩብ አውንስ ወርቅ ያላት ኢግል የወርቋ ዋጋ 500 ዶላር ነው። አንዱ ነጋዴ 560 ቢላችሁ 60ው የሥራና የትርፍ ነው፤ ያለ ነው። ሌላው «ይቺ ብርቅ ናት» ብሎ 1,100 ቢል 600 ዶላር የምትከፍሉት ለብርቅነት ነው። 500ውን የዕለቱ ገበያ በፈለጋችሁት ቀን ይመልስላችኋል። 600ው የሚመለሰው ያቺኑ ሳንቲም የሚፈልግ ሌላ ሰብሳቢ ካገኛችሁ ብቻ ነው። እኔ ደብተሬ ላይ ሁለቱን ለያይቼ ነው የምጽፈው፤ የወርቅ አንድ ዓምድ፣ የብርቅነት አንድ ዓምድ። ሁለተኛው ዓምድ ውስጥ ቁጥር ከመጻፌ በፊት ያቺ ሳንቲም በቅርቡ ጨረታ ላይ በስንት እንደተሸጠች አያለሁ። ሻጭ የጠየቀውን ሳይሆን ገዢ የከፈለውን።

አውንስ ስል ትሮይ አውንስ ማለቴ ነው፤ 31.1 ግራም። የእኛ ወቄት 28 ግራም ገደማ ስለሆነች አታምታቷቸው። የወጥ ቤት ሚዛን ላይ ያለው አውንስም ሌላ ነው፣ 28.35 ግራም።

ክሩገራንድና ኢግል 22 ካራት ናቸው። ባለ አንድ አውንሷ ጠቅላላ ክብደቷ 33.93 ግራም ነው፤ ከዚያ ውስጥ 31.1ዱ ጥሩ ወርቅ ነው። ክሩገራንድ ውስጥ የተቀላቀለው መዳብ ብቻ ስለሆነ ቀላ ትላለች። ኢግል ብርም አለባት፣ ስለዚህ ወደ ቢጫነት ታደላለች። ሜፕል ሊፍ ንጹሕ ወርቅ ናት፣ ስለዚህም ለስላሳ ናት፤ ቶሎ ትጫራለች።

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትገዙ ከሆነ ባለ አንድ አሥረኛ አውንሷን ኢግል እመክራለሁ። 3.39 ግራም ናት፣ ከጥፍራችሁ ብዙም አትበልጥም። በግራም ሲሰላ ከትልቋ ትወደዳለች፤ ይህን አውቃችሁ ግቡበት። ግን ገንዘባችሁን ሁሉ ሳታስሩ ዓይናችሁን ታሠለጥኑባታላችሁ። እኔ ትንንሾቹን የምገዛው በየደሞዙ ከማስቀምጠው ነው። ትልቅ የምገዛው ዕቁብ ሲወጣልኝ ብቻ ነው። ለሳንቲም ተበድሬ አላውቅም፤ እናንተም አትበደሩ።

ባልቲሞር በዓመት ጥቂት ጊዜ ትልቅ የሳንቲም ትርዒት አለ። አዳራሹ ጠረጴዛ በጠረጴዛ ነው፣ መቶዎች ነጋዴዎች ይቀመጡበታል። ከስድስት ዓመት በፊት ዕቁብ ወጥቶልኝ ሄድኩ። አንድ ሽማግሌ ፊት ጥቁር ከፋይ የለበሰ ትሪ ተዘርግቷል፤ ላዩ ላይ ሠላሳ የሚሆኑ ክሩገራንዶች። «የምትፈልጊያትን ምረጪ፣ ዋጋቸው አንድ ነው» አለኝ። አጠገቤ የቆመው ሰውዬ በጣም የምታበራዋን አነሳ። እኔ ዓመት ማንበብ ጀመርኩ። ክሩገራንድ ላይ ዓመቱ ለሁለት ተከፍሎ ነው የሚጻፈው። መሐል ላይ የምትሄድ ሚዳቋ አለች፤ 19 ከአንድ ጎኗ፣ የቀሩት ሁለት ቁጥሮች ከሌላው። 75። 78። 78። 81። 74። 78። ከዚያ 68።

78ቷ ለምን ትበዛለች? አሜሪካኖች ከ1933 ጀምሮ፣ ከጌጣጌጥና ከብርቅ ሳንቲም በቀር፣ ወርቅ በቤታቸው እንዳይዙ ተከልክለው ነበር። ክልከላው የተነሳው በ1974 የመጨረሻ ቀን ነው። ከዚያ በኋላ የክሩገራንድ ገበያ ደራ። በ1978 ብቻ ከስድስት ሚሊዮን በላይ ተመታ። በ1967 ግን ለተራው ገበያ የወጣችው 40,000 ብቻ ነበረች። በ1968 እና በ1969 ደግሞ በየዓመቱ 20,000። ሦስቱ ዓመቶች ቁጭ ብለው የሚጠብቁት የሚያነብ ሰው ነው። በ1985 አሜሪካ በአፓርታይድ ምክንያት ክሩገራንድ እንዳይገባ ከለከለች፤ በዚያው ዓመት የራሷን የወርቅ ሳንቲም የሚፈቅድ ሕግ አወጣች። ኢግል የተወለደችው ከዚያ ነው። እኔ ሁለቱን አንድ ሣጥን ውስጥ ጎን ለጎን ነው የማስቀምጣቸው። አንዷ ባትከለከል ኖሮ ሌላዋ መቼ እንደምትመጣ ማን ያውቃል።

68ቷን ሳይ ድምፄ እንዳያሳብቅብኝ ፈርቼ ጣቴን ብቻ ቀሰርኩ። ሽማግሌው አወጣልኝ። ዋጋውን የተናገረው እሱ ነው፣ ሰው ሁሉ እኩል መምረጥ ይችል ነበር። እኔ ያዋጣሁት ማንበብን ነው።

ከመክፈሌ በፊት «ልመዝን?» ብዬ ጠየቅኩ። ሁልጊዜ ጠይቁ። ደግ ነጋዴ ደስ ይለዋል፤ የሚቆጣ ካለ አመስግናችሁ ጥላችሁ ሂዱ። ቦርሳዬ ውስጥ ሦስት ነገር አይጠፋም፤ ግራምን እስከ ሁለተኛ ነጥብ የምታነብ የኪስ ሚዛን፣ ስፋትና ውፍረት የምለካበት ካሊፐርና አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር። ጠርዟን በሁለት ጣት ይዤ ሚዛኑ ላይ አሳረፍኳት። 33.94። ስፋቷ 32.7 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቷ 2.8 ገደማ። ሦስቱ ቁጥሮች አብረው ካልገጠሙ ነገር አለ። ወርቅ ከባድ ነው። አስመሳዩ ቀለል ያለ ብረት ከተጠቀመ ወይ ክብደቱ ይጎድላል፣ ወይ ክብደቱን ለመሙላት ሳንቲሙን ያወፍረዋል ወይም ያሰፋዋል። አንዱን ሲደብቅ ሌላው ያጋልጠዋል። ማግኔት ወርቅ አይስብም፤ ግን ማግኔት ስላልሳበው ብቻ ወርቅ ነው አትበሉ፣ የማይሳብ ብረት ብዙ ነው።

ቤት ውስጥ ለተራ ክሩገራንድ የውኃ ሙከራም አለ። ሚዛን ላይ ውኃ በብርጭቆ አስቀምጡና ወደ ዜሮ መልሱት። ሳንቲሟን በቀጭን ክር አንጠልጥላችሁ ውኃው ውስጥ አስገቧት፤ ታችና ጎኑን እንዳትነካ። ሚዛኑ ወደ 1.9 ግራም ገደማ ማንበብ አለበት። በጣም ከበለጠ ውስጧ ቀላል ብረት አለ። ስታወጧት ለስላሳ ጨርቅ ላይ አጋድሟት፣ ራሷ ትደርቃለች። እንዳትጠርጓት።

የአባቴ ጥቁር ድንጋይስ? በፍጹም። ለቀለበት የሚሆን ለሳንቲም አይሆንም። አንዴ ድንጋይ ላይ ካሻችኋት የሄደው ቁራጭ አይመለስም።

ይህን አውቄ ነው እንግዲህ ሌላውን ያላወቅኩት። 68ቷን ቤት ወስጄ መብራት ሥር ሳያት ጠርዟ አካባቢ ቡናማ ጠቃጠቆ ነበረባት። መዳቡ ነው፤ ዕድሜ ሲገፋ እንዲህ ያወጣል። እኔ ደግሞ የወርቅ ቤት ልጅ ነኝ። የቆሸሸ ሐብል እንዴት እንደሚጸዳ ማንም ሊያስተምረኝ አያስፈልግም። ግማሽ ሎሚ፣ ቁንጥር ጨው፣ ለብ ያለ ውኃ፣ ለስላሳ ብሩሽ። ጠቃጠቆው ለቀቀ። አዲስ መሰለች። ደስ አለኝ።

ከወራት በኋላ ደረጃ ወደሚሰጥ ድርጅት ላክኳት። ቁጥር ሳይሰጣት ተመለሰች። የሳንቲም ደረጃ ከ1 እስከ 70 ነው፤ የታጠበች ሳንቲም ግን እውነተኛ መሆኗ ብቻ ይጻፍና «የተጸዳች» የሚል ቃል ይታከልባታል። እንዲህ ያለችውን አብዛኛው ሰብሳቢ አይፈልጋትም። ሁለተኛው ዓምዴ ላይ የነበረው ገንዘብ ባንድ ሎሚ አለቀ።

ለአባቴ ደወልኩ። «አባዬ፣ አጥቤ አበላሸኋት» አልኩት።

«ወርቅ ታጥቦ ይበላሻል እንዴ ልጄ?» አለኝ።

ልክ ነበር፤ ወርቁ ምንም አልሆነም። የሄደው ከመቺው ስትወጣ የነበራት ቆዳ ነው። ሳንቲም ሲመታ ብረቱ ከመሐል ወደ ጠርዝ ይፈስሳል፣ ላዩ ላይ በጣም ቀጫጭን መስመሮች ይተዋል። ብርሃን ላይ ስታዞሯት የምትጨፍረው በእነሱ ነው። ብሩሽ እነሱን በልቶ የራሱን ጭረት ያስቀምጣል። ስለዚህ ትእዛዙ አጭር ነው። አትጠቡ፣ አትወልውሉ፣ በትንፋሻችሁ እንኳ አታርጥቧት። በጠርዟ ብቻ ያዟት፣ ከሥሯ ለስላሳ ጨርቅ አንጥፉ። ብትወድቅ ምንጣፍ ላይ ትውደቅ።

ወደ ኢግል ልመለስ። እኔ በጣም የምወዳት የ1991ዷን ግማሽ አውንስ ነው። በመጀመሪያው ዓመት፣ በ1986፣ ግማሽ አውንሷ ወደ ስድስት መቶ ሺህ ገደማ ተመትታለች። በ1991 ግን 24,100 ብቻ። እስከ 1991 ድረስ ኢግል ላይ ዓመቱ በሮማውያን ቁጥር ስለሚጻፍ ብዙ ሰው ሳያነበው ያልፈዋል። የምኒልክ ብር ላይ ፲፰፻፹፱ የሚለውን ግዕዝ ያልለመደ ልጅ እንደሚያልፈው ማለት ነው። የሮማውያኑን ቁጥር ለመማር አንድ ምሽት ይበቃል። ተማሩት።

ሌላዋ የ1999 ናት፤ አንድ አሥረኛና ሩብ አውንስ። ለተራው ገበያ የሚመቱት ኢግሎች የተመቱበትን ቦታ የሚያመለክት ፊደል አይዙም። ለሰብሳቢ ተለይተው የሚሠሩት ግን ዌስት ፖይንት ያለውን የሳንቲም መምቻ የሚወክል ደብልዩ (W) ፊደል አለባቸው። በ1999 ለሰብሳቢ ተብሎ የተቀረጸ ማተሚያ ሳይወለወል ለተራዎቹ ዋለ። ስለዚህ ተራ ሆነው ደብልዩ የያዙ ጥቂቶች ወጡ። ፊደሉ ከዓመቱ ሥር ነው፣ በባዶ ዓይን ጠብታ ይመስላል። የ1999 አንድ አሥረኛ ባየሁ ቁጥር መነጽሬን አወጣለሁ። እስካሁን ከአንድ ትሪ ላይ አግኝቼ አላውቅም። መፈለጌን ግን አልተውኩም።

የ2021 ኢግል ደግሞ ሁለት ዓይነት ናት። ዓመቱ አጋማሽ ላይ የጀርባዋ ሥዕል ተቀየረ። በፊት ንስሮች ከነቤተሰባቸው ጎጆ ላይ ነበሩ፣ አዲሷ የንስር ራስ ብቻ ናት። የአዲሷ ጠርዝ ላይ ካሉት ጥርሶች አንዷ ሆን ተብሎ ተዘልላለች፤ ማስመሰል እንዲከብድ። ጥፍራችሁን በጠርዟ ዙሪያ ስታስኬዱ ክፍተቱ ይሰማል።

ፓንዳ ሌላ ዓለም ናት። ሥዕሏ በየዓመቱ ይቀየራል፤ በ2002 ብቻ የ2001ዱ ተደገመ። ከ2016 ጀምሮ በአውንስ መሆኗ ቀርቶ በግራም ሆነ፣ ባለ አንድ አውንሷን የተካችው 30 ግራም ናት። ስለዚህ 31.1 ብላችሁ መዝናችሁ «ጎደለች» እንዳትሉ። ከፋብሪካ የታሸገችበትን ላስቲክ አትክፈቱ። አስመስሎ የሚሠራትም ብዙ ነውና ለጀማሪ አልመክራትም። ሁለት ሦስት ዓመት ኢግልና ክሩገራንድ ላይ ዓይናችሁን ካሠራችሁ በኋላ ድረሱባት።

ደረጃ የተሰጣትና ፕላስቲክ ውስጥ የታሸገች ሳንቲም ስትገዙ ፕላስቲኩን ሳይሆን ሳንቲሟን ግዙ። አንድ ጊዜ «መጀመሪያ ከተመቱት መሐል ናት» የሚል ወረቀት ስላለባት ብቻ በወርቋ ላይ ብዙ ጨምሬ ገዛሁ። ስሸጣት የወረቀቱን ዋጋ የከፈለኝ የለም። በመቶ ሺህ የሚቆጠር እህት ያላት ሳንቲም በወረቀት ብርቅ አትሆንም። ፒሲጂኤስና ኤንጂሲ የሚባሉት ሁለቱ ትልልቅ ድርጅቶች ፕላስቲኩ ላይ ቁጥር ይጽፋሉ፤ ድረ ገጻቸው ላይ አስገብታችሁ የሚመጣውን መረጃ፣ ፎቶ ካለውም ፎቶውን፣ ከያዛችሁት ጋር አመሳክሩ። ፕላስቲኩም ይመሰላልና።

ከእኛ አገር ሰዎች ብዙ ጊዜ የምጠየቀው ስለ ጃንሆይ የወርቅ ሳንቲሞች ነው። በ1958 ዓ.ም. የተመቱት አምስት መጠን አላቸው፤ 4፣ 8፣ 20፣ 40 እና 80 ግራም፤ ከሺው 900 እጅ ወርቅ ናቸው። ክብደቱ ከእነዚህ ከአንዱ ካልገጠመ አትጀምሩት። ለሰብሳቢ የተሠሩ ናቸው እንጂ እንደ ክሩገራንድ ለወርቅነታቸው የሚሸጡ አይደሉም። ሻንጣ ውስጥ ከትቶ ከአገር ለማውጣት የሚያስብ ካለ መጀመሪያ የቅርስ ፈቃድ ይጠይቅ።

አቀማመጥ ላይ አጭር ልበል። መጠኗን የሚመጥን ጠንካራ ካፕሱል ግዙ። ርካሹ ለስላሳ ላስቲክ ፒቪሲ የሚባለው የፕላስቲክ ዓይነት ካለበት ከጊዜ በኋላ አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር ያወጣል፣ መዳብ ያለበትን ሳንቲም ይበላል። የባንክ ካዝና ተከራይታችሁ ብታስቀምጡ፣ ባንክ ያለ ገንዘባችሁን የሚሸፍነው የመንግሥት ዋስትና ካዝና ውስጥ ያለውን አይሸፍንም። የቤት ኢንሹራንስም ቢሆን ውሉን አንብቡ፤ የተለመደው ውል ለሳንቲምና ለወርቅ ብዙ ጊዜ 200 ዶላር ብቻ ነው የሚከፍለው። ለብቻው መጨመር ያስፈልጋል። ደረሰኝ ሁሉ ይቀመጥ። አሜሪካ ውስጥ ከዓመት በላይ የያዛችሁትን በትርፍ ስትሸጡ የፌዴራል ግብሩ ለወርቅ ሳንቲም እስከ 28 በመቶ ሊደርስ ይችላል። ስንት እንደገዛችሁ ማሳየት ካልቻላችሁ ነገሩ ይከብዳል። እና ቤት ለመጣ እንግዳ ሁሉ አታሳዩ። የሐበሻ ቤት እንግዳ አይጠፋውም፣ ወሬም ይሮጣል።

ለማሳየት የማወጣት አንዲት ብቻ ናት፤ 68ቷ። አልሸጥኳትም። አዲስ ሰብሳቢ ሲመጣ የሳሎኑን መብራት አጠፋና አንዲት የጠረጴዛ መብራት ብቻ አበራለሁ። ከካፕሱሏ አውጥቼ በጠርዟ አስይዘዋለሁ። ቀጥ አድርጎ ሲያያት ቆንጆ ናት። ቀስ ብሎ ዘንበል ሲያደርጋት ሳንቲሟ ላይ በተቀረጸው በክሩገር ምስል ጉንጭ ላይ ቀጫጭን ጭረቶች ብቅ ይላሉ፤ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ፣ የብሩሼ እጅ በሄደበት።